ሁሉም ቀይ ዶሮ ሳሶ አይደለም

በገጠር ገበያ ዶሮ ሁለት ስም ብቻ ያለው ይመስላል፤ ‹‹የሐበሻ›› እና ‹‹የፈረንጅ››። ገዢው ዋጋ የሚጠይቀው፣ ሻጩም ዶሮውን የሚያሞግሰው በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው። ከዚህ አልፎ ስም ከተጠራም ቀይ የሆነው ሁሉ ‹‹ሳሶ››፣ ነጭና ጥቁር ሰረዝ ያለበት ሁሉ ‹‹ኮይኮይ›› ይባላል። ከሐበሻ እናት ከሐበሻ አባት የተፈለፈለች ገብስማ እንኳ ኮይኮይ ተብላ ስትሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ስሙ የተምታታው ያለ ምክንያት አይደለም። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርንና ፋዩሚ የተባሉት ዝርያዎች በኤክስቴንሽን በኩል ወደ አርሶ አደሩ ጓሮ መግባት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀጥሎ ከደቡብ አፍሪካ ኮይኮይ መጣ። ሳሶ፣ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ተከተሉ። በ2015 ዓ.ም በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ደግሞ የጫጩትና የታዳጊ ዶሮ ሥርጭቱን በየቀበሌው አስፋፋው። አዲሶቹ የገቡት ባዶ ጓሮ ውስጥ አልነበረም። ቀድሞ ከነበረው የሐበሻ ዶሮ ጋር አብረው ጫሩ፣ አብረው ሰፈሩ፣ ተዳቀሉ። ዛሬ በአንድ ግቢ ከሚለቅሙት አሥር ዶሮዎች መካከል የሦስትና የአራት ዝርያ ደም ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

ጥያቄው የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቸገረ ነበር። ነገር ግን ዶሮዋ ምን እንደሆነች ያላወቀ አርሶ አደር ምን ያህል መመገብ እንዳለበት፣ የትኛውን አውራ ለዘር ማስቀረት እንደሚገባው፣ የየትኛዋን እንቁላል ማሳቀፍ፣ የየትኛዋን መሸጥ እንደሚበጀው ሊወስን አይችልም።

አንድ አባወራ 45 ቀን የሞላቸው አሥር ቀይ ታዳጊ ዶሮዎችን ‹‹ሳሶ ናቸው›› ተብለው ገዙ እንበል። በርግጥም ሳሶ ከሆኑ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑ ናቸው፤ አውራዎቹ ቶሎ ስለሚከብዱ ለበዓል ገበያ ይደርሳሉ፣ ጓሮ ለቅመው ድጎማ መኖ ቢያገኙም ይኖራሉ። ቦቫንስ ብራውን ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦቫንስ ለእንቁላል ብቻ የተዘጋጀች ናት። በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ካገኘች በዓመት 300 እና ከዚያ በላይ እንቁላል የመጣል አቅም አላት፤ በጥሬ ጥራጥሬና በጓሮ ጭረት ብቻ ከተያዘች ግን ያ አቅም የወረቀት ቁጥር ሆኖ ይቀራል። አሥሩ ዶሮዎች በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ መኖ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ የጀመሩ አባወራ ከወራት በኋላ ‹‹የፈረንጅ ዶሮ አክሳሪ ነው›› ቢሉ የሚፈረድባቸው አይደሉም። ያከሰራቸው ዶሮው ሳይሆን በስሙ የገዙት ሌላ ዶሮ ነው።

ቀዮቹን እንዴት እንለይ?

ከሁሉ አስቸጋሪው የቀዮቹ ነገር ነው። ሳሶ፣ ቦቫንስ ብራውን፣ ሎማን ብራውን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ የሐበሻ ቀይ፣ በመጨረሻም የእነዚህ ሁሉ ድቅል አብረው ቢቆሙ ከሩቅ ሁሉም ቀይ ዶሮ ናቸው።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሳሶ፣ ቦቫንስና ሎማን የዝርያ ስም አለመሆናቸው ነው። የአርቢ ድርጅቶች የንግድ ስም ናቸው፤ ሳሶ ከፈረንሳይ፣ ቦቫንስ ከኔዘርላንድስ፣ ሎማን ከጀርመን። ዶሮዎቹ የተለያዩ የወላጅ መስመሮችን በማዳቀል የሚገኙ ናቸው። አርሶ አደሩ ይህን ከድቅል በቆሎ ዘር ጋር ቢያመሳስለው ሩቅ አይሄድም። የድቅል በቆሎን ምርት አስቀርቶ በሚቀጥለው ክረምት የዘራ ገበሬ ማሳው ወጥነት እንደሚያጣ፣ ምርቱም እንደሚወርድ ያውቃል። የቦቫንስን እንቁላል ሰብስቦ ያሳቀፈም የሚያገኘው ቦቫንስ አይደለም። ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ፣ ያድጋሉም፤ እናታቸውን ግን አይተኩም። ሮድ አይላንድ ሬድ በአንጻሩ የቆየ ንጹሕ ዝርያ ነው። አውራውም ሴቷም ከዝርያው ከሆኑ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ።

ቡናማዋን ቦቫንስ ከሮድ አይላንድ ሬድ ለመለየት ቀላሉ መንገድ ዶሮዋን ይዞ የጀርባዋንና የጭኗን ላባ መግለጥ ወይም እፍ ማለት ነው። የቦቫንስና የሎማን ላይኛው ላባ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን ከሥሩ ያለው ልስልስ ላባ ወደ ነጭ ያደላል፤ በጅራቷና በክንፏ ሥርም ነጭ ላባ ጣል ጣል ብሎ ይታያል። የሮድ አይላንድ ሬድ ቀለም ጠቆር ያለ፣ ወደ ደረቀ ደም የሚጠጋ ቀይ ነው፤ ጅራቱ ጥቁር፣ ከላባው ሥር ያለውም ነጭ ሳይሆን ቀይ ነው። በሚዛን ደረጃም ይለያያሉ። ያደገች ቦቫንስ ሁለት ኪሎ ገደማ ስትመዝን የሮድ አይላንድ ሬድ ሴት በዝርያው መለኪያ ሦስት ኪሎ ትጠጋለች፤ አውራው አራት ኪሎ ገደማ ይደርሳል። (በጓሮ አያያዝ ሁሉም ከዚህ በታች መሆናቸው አይቀርም፤ የእርስ በርስ ልዩነቱ ግን ይቆያል።)

ሳሶ በቀለም ከሁለቱም ያነሰ ወጥነት አላት። ከአንድ ሥርጭት የመጡ ሳሶዎች ፈዛዛና ጥቁር ቀይ፣ አንገታቸውና ጅራታቸው ላይ ጥቁር ጣል ያለባቸው ሆነው ይገኛሉ። የምትለየው በአካሏ ነው፤ እግሯ ወፍራምና ቢጫ፣ ደረቷ ሰፊ፣ ስትያዝ የምትከብድ ናት። ቦቫንስ ከጎኗ ብትቆም ቀጭንና ፈጣን ትመስላለች።

ከዚህ ሁሉ የሚልቅና ሚዛንም ባለሙያም የማይጠይቅ አንድ ምልክት አለ። እሱም በመንጋው ውስጥ ያሉት አውራዎች ናቸው።

የቦቫንስ ብራውንና የሎማን ብራውን ጫጩቶች በተፈለፈሉበት ቀን ጾታቸው በቀለማቸው ይለያል። ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ ናቸው። ይህ የሆነው ወላጆቹ ሆን ተብሎ በዚያ መንገድ ስለተመረጡ ነው። ስለዚህ ለእንቁላል ተብሎ የሚሠራጨው መንጋ ሴት ብቻ ነው፤ ቀይ የቦቫንስ አውራ ወደ አርሶ አደሩ ጓሮ የሚደርስበት መንገድ የለም። ቀይ አባት መስመሩ በወላጅ ዶሮ ማርቢያ ግቢ ውስጥ የሚቀር ነው። በመሆኑም ‹‹ቦቫንስ›› ተብለው ከተሰጡ አሥር ቀይ ዶሮዎች አራቱና አምስቱ አውራ ሆነው ከወጡ ስሙ የተሳሳተ ነው። ሳሶ፣ ሮድ አይላንድ ሬድ ወይም ድቅል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቦቫንስ ግን አይደሉም። በተቃራኒው ‹‹ሳሶ›› ተብለው የመጡት አሥሩም ሴት፣ አሥሩም አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ የእንቁላል ዶሮ መሆናቸውን መጠርጠርና መኖውን በዚያው ልክ ማሰናዳት ይገባል።

የዚህ ነገር ሌላ ገጽታም አለ። ነጭ ሆነው የሚፈለፈሉት የቦቫንስ ወንድሞች እንቁላል አይጥሉ፣ ለሥጋም የተመረጡ አይደሉ፤ በመሆኑም ዋጋቸው ርካሽ ነው። ርካሽ ቢጫ ጫጩት ‹‹የሥጋ ዶሮ ነው›› ተብሎ ሲቀርብ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እውነተኛው ነጭ የሥጋ ዶሮ በተሟላ መኖ በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎ ሲደርስ የእንቁላል ዶሮ ወንድም በዚያው ዕድሜ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቅም። በአንድ ቀን ዕድሜያቸው ሁለቱም ቢጫ ኳስ ስለሆኑ በዓይን መለየት አስተማማኝ አይደለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ግን የሥጋው ዶሮ እግሩ ሲወፍርና ደረቱ ሲሰፋ፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ክንፉ ይረዝማል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ተከፍሏል፤ መኖውም ተጀምሯል። መፍትሔው ሲገዙ የፈልፋዩን ወረቀት መጠየቅ ነው።

ቦቫንስን ከሎማን ብራውን በዓይን ለመለየት መሞከር ግን ድካም ብቻ ነው። ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ቀላል፣ ሁለቱም ቡናማ እንቁላል ጣይ ናቸው። አያያዛቸውም ስለሚመሳሰል አርሶ አደሩ ባይለያቸው የሚያጣው ነገር የለም።

የሐበሻዋ ቀይስ? በመጠኗ ትለያለች፤ ሴቷ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አታልፍም። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወይም ዘውድ ሌላው ምልክት ነው። ገበያተኛው ዘውዱን ‹‹ነጠላ›› እና ‹‹ድርብ›› ብሎ ይለየዋል፤ ነጠላው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ድርቡ ጠፍጠፍ ብሎ አናት ላይ የተኛ ነው። ድርብ ዘውድ በሐበሻ ዶሮዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቀይ ባለ ድርብ አውራም ለበዓል ገበያ ተፈላጊ መሆኑን ሻጭም ገዢም ያውቃል። ቦቫንስና ሎማን ሁልጊዜ ነጠላ ናቸው። ‹‹የፈረንጅ›› የተባለች ቀይ ቄብ ድርብ ዘውድ ካላት በደሟ ውስጥ ሐበሻ መኖሩን መገመት ይቻላል። (ሮድ አይላንድ ሬድ በሁለቱም ዘውድ ስለሚገኝ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል።)

ገብስማ ሁሉ ኮይኮይ አይደለችም

ነጭና ጥቁር ሰረዝ ያለባቸው ዶሮዎች ቀዮቹን ያህል ባይበዙም ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚያ አያንስም። ምክንያቱም ኮይኮይ አርሶ አደሩ ራሱ እያራባ ሊያቆያት የሚችል ዝርያ ናት።

ኮይኮይ በደቡብ አፍሪካ ፖችፍስትሩም ከተማ በሚገኘው የግብርና ኮሌጅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) የተገኘች ናት። ጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ነጭ ሌግሆርንና ባለ ሰረዙ ፕላይማውዝ ሮክ ተዳቅለው፣ ልጆቹ ለትውልዶች ተመርጠው ወጥ ዝርያ ሆነዋል። ስለዚህ የኮይኮይ አውራና የኮይኮይ ሴት ከተገናኙ የሚፈለፈለው ኮይኮይ ነው። በኢትዮጵያ ዝርያው በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሲጠናና ሲባዛ ቆይቷል።

ጠንቁ የሚመጣው ከሰረዙ ነው። የኮይኮይ አውራ ከማንኛዋም ሰረዝ የሌላት ጥቁር ወይም ቀይ የሐበሻ ዶሮ ጋር ቢገናኝ ሰረዙን ለልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፤ ለወንዱም ለሴቱም። በአንድ ወቅት አንድ የኮይኮይ አውራ ብቻ የገባበት ጓሮ በዓመቱ ባለ ሰረዝ ቄቦችና አውራዎች የሞሉበት ይሆናል። ጎረቤት ‹‹ኮይኮይ አራቡ›› ይላል፤ ሪፖርትም በዚያው ይጻፋል። እነዚያ ልጆች ግን ግማሽ ሐበሻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ አውራ ለዘር ቀርቶ ከሐበሻ ሴቶች ጋር ቢዋሰብ በቀጣዩ ዙር ከሚፈለፈሉት ሰረዝ የሚኖራቸው ግማሾቹ ገደማ ይሆናሉ። የእንቁላሉም ብዛት በየትውልዱ ይወርዳል።

ድቅሉን አውራ ለመያዝ የሚረዳ ምልክት ግን በሰረዙ ውስጥ አለ። ንጹሕ የኮይኮይ አውራ ሰረዙን ከአባቱም ከእናቱም ስለሚወርስ ነጩ ይሰፋል፤ በቅርብ ሲታይ ነጩና ጥቁሩ እኩል ስለሆኑ ከሩቅ ግራጫ ፈዛዛ ይመስላል። ሴቷ ሰረዙን የምትወርሰው ከአባቷ ብቻ በመሆኑ ጥቁሩ ከነጩ ይሰፋል፤ ጠቆር ትላለች። ስለዚህ በንጹሕ መንጋ ውስጥ አውራው ከሴቶቹ ፈዝዞ መታየት አለበት። ከሴቶቹ እኩል የጠቆረ ባለ ሰረዝ አውራ ሰረዙን ያገኘው ከአንድ ወገን ብቻ ነውና ድቅል ነው። አንገቱ፣ ጀርባው ወይም ወገቡ ላይ ወርቃማ ወይም ቀይ ላባ ጣል ካለበት ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጸናል። እንዲህ ያለው አውራ ለበዓል መሸጥ እንጂ ለዘር መቅረት የለበትም።

በተገላቢጦሹም ምልክት አለ። እናቲቱ ኮይኮይ፣ አባት ግን ሰረዝ የሌለው የሐበሻ ቀይ ወይም ጥቁር አውራ ሲሆን ወንዶቹ ልጆች ባለ ሰረዝ፣ ሴቶቹ ሰረዝ የሌላቸው ጥቁር ይሆናሉ። ከኮይኮይ እንቁላል ጥቁር ቄብ የወጣለት አርሶ አደር ‹‹እንቁላሉ ተቀይሯል›› ብሎ ሚስቱን ወይም ጎረቤቱን ከመጠየቁ በፊት የጎረቤት አውራ አጥር መዝለሉን ቢያስብ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። የአውራው መጥቆር ድቅልነቱን ያጋልጣል፤ መፍዘዙ ግን ብቻውን ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። ከሐበሻ ገብስማዎችም መካከል ከሁለቱም ወላጅ ሰረዝ የወረሰና የፈዘዘ አውራ ሊገኝ ይችላልና። ያኔ ሌላውን አካል መመልከት ይገባል። የኮይኮይ ዘውድ ነጠላ ነው፤ እግሯ ቢጫ ነው፤ አካሏም ከባድ ነው። የትውልድ አገሯ መረጃ ሴቷን ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ አውራውን ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ያደርሳቸዋል። የሐበሻዋ ገብስማ ስሟ ከገብስ የመጣ እንደመሆኑ ቀለሟ ድብልቅልቅ ያለ ነው፤ ሰረዟ ከላባ ላባ አይገጥምም፣ አንዱ ጋ ይደምቃል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል፤ እግሯ ቢጫም ነጭም ጥቁርም ሊሆን ይችላል። የድቅሏ ሴት ነገር ከሁሉ ይከብዳል። የሰረዟ መጠን ከንጹሕ ኮይኮይ ሴት ጋር እኩል ስለሆነ በሰረዟ ብቻ አትለይም፤ ክብደቷ፣ ዘውዷና አንገቷ ላይ የሚታየው ወርቃማ ላባ አብረው ሊታዩ ይገባል።

ጫጩት ሳሉም የሚታይ ነገር አለ። የኮይኮይ ጫጩት ጥቁር ጠጉር ለብሶ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ይዞ ይፈለፈላል። ነጥቡ በወንዱ ሰፋና ተበተን ይላል፤ በሴቷ ትንሽና የተሰበሰበ ነው። ወንዶቹን ቀድሞ ለይቶ በሌላ መኖ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ምልክት ይጠቀማል።

ሦስተኛዋ ባለ ሰረዝ ፋዩሚ ናት። በግብፅ ፋዩም አካባቢ የተገኘች ትንሽ፣ ደንጋጣና በራሪ ዶሮ ናት። ከሁለቱ የምትለየው በአንገቷ ነው፤ አካሏ ሰረዝ ቢኖርበትም አንገቷ ብር የመሰለ ነጭ ነው። እግሯ ሰማያዊ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ጅራቷን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። የኮይኮይ ሰረዝ ግን ከአንገት እስከ ጅራት አይቋረጥም። ፋዩሚ እንቁላል ለመጣል ቶሎ የምትደርስ ብትሆንም እንቁላሏ ትንሽ ነው፤ ለማቀፍም አትታመንም።

ነጮቹና መላጣዎቹ

ነጭ ሌግሆርን ዛሬ በጓሮ ብዙም አይገጥምም። ያጋጠመው ሰው የጆሮዋን ለስላሳ ቆዳ ቢመለከት ነጭ ሆኖ ያገኘዋል፤ ዘውዷም ትልቅ ስለሆነ በሴቷ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። እንቁላሏ ነጭ ነው። የሐበሻ ነጭ ዘውዷ ትንሽ፣ ብዙ ጊዜም ድርብ ነው።

አንገቷ ላባ የሌለው መላጣ ዶሮ ደግሞ ‹‹የፈረንጅ›› ብቻ ተደርጋ መታየቷ ስሕተት ነው። በአገራችን የቆላ አካባቢዎች መላጣ አንገት የሐበሻ ዶሮ ከጥንት ጀምሮ አለች። ከሳሶ መስመሮችም መላጣ አንገት ያላቸው አሉ። ስለዚህ የአንገት መላጣነት ለዝርያ መለያ አይበቃም፤ ሚዛኑና እግሩ ይታዩ።

በዓይን የማትለየዋ የተሻሻለች ሐበሻ

ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ሁሉ የማይሠሩባት አንዲት ዶሮ አለች። እሷም የተሻሻለችው ሆሮ ናት። በወለጋው ሆሮ ስም የምትጠራው ይህች የአገር በቀል ዶሮ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ትውልድ በትውልድ በእንቁላልና በክብደት እየተመረጠች የተሻሻለች ናት። የውጭ ደም ስላልገባባት ላባዋ እንደ ማንኛዋም ሐበሻ ቀይም፣ ገብስማም፣ ወሰራም ሊሆን ይችላል። ከኮይኮይ፣ ከኩሮይለርና ከሳሶ ጋር በአርሶ አደሮች ጓሮ ከተፈተኑት መካከልም ነበረች። ለአንድ መንደር ብትሰጥና ሳይጻፍ ቢቀር ለበዓል እንደማንኛዋም ዶሮ ታርዳ የዘር ጥረቱ ወጥ ሆኖ ይቀራል። እሷን የሚለያት እግሯ ላይ የታሰረ ቀለበትና መዝገብ ብቻ ነው። ከህንድ የመጣው ኩሮይለርም ላባው ብዙ ዓይነት በመሆኑ ከሩቅ ሐበሻ ይመስላል፤ እሱን ግን ክብደቱ ያጋልጠዋል።

በዚህ ረገድ የወረዳ እንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ቀላል አይደለም። በብዙ ሪፖርቶች ላይ የሚነበበው ‹‹የተሻሻለ ዝርያ ዶሮ›› የሚል አንድ ዓምድ ነው። ቦቫንስም፣ ሳሶም፣ ኮይኮይም፣ የእነሱ ድቅልም በዚያ አንድ ዓምድ ይደመራሉ። ቁጥሩ ያድጋል፤ የትኛው ቀበሌ መኖ፣ የትኛው ሚዛን፣ የትኛው የዘር አውራ እንደሚያስፈልገው ግን አይነግርም። ዓምዱን በሦስት መክፈል (ለእንቁላል የተዘጋጀ፣ ለሁለቱም የሚሆን፣ ራሱን የሚተካ ንጹሕ ዝርያ) አዲስ በጀት አይጠይቅም። ሥርጭት በሚደረግበት ዕለት የፈልፋዩ ስም፣ የዶሮው ስም፣ የተፈለፈለበት ቀንና የተከተቡት ክትባት የተጻፈበት ወረቀት ቅጂ ለተረካቢው አርሶ አደር ሊሰጠው ይገባል። ፈንግል ሲገባ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ተከትበዋል ወይ?›› ስለሆነ ወረቀቱ ለዚያም ይጠቅማል።

አርሶ አደሩ በበኩሉ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነው። የመጡትን ታዳጊዎች በመጡበት ዕለት እግራቸው ላይ ቀለሙ የተለየ የጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ላላ አድርጎ ማሰር፣ በየሁለት ሳምንቱም እንዳይጠብቅ ማየት። በ45 ቀን ዕድሜ ላባው ገና ስላልበቃ በቀለም ፍርድ መስጠት አያስኬድም፤ ላባ በሚቀይሩበት ወቅትና ፀሐይ ቀይ ላባን በምታገረጣበት በጋም እንደዚያው ነው። የበሰለ ምልክት የሚታየው አምስት ወር ሲሞላቸው ነው። ለመያዝ የሚመቸው ጊዜ ማታ፣ ከሰፈሩ በኋላ ነው፤ በባትሪ ብርሃን እግሩን፣ ዘውዱን፣ ከላባው ሥር ያለውን አይቶ በእጅ መመዘን ይቻላል።

ዶሮዎቹን ከለዩ በኋላ የሐበሻዋን ማጥፋት ግን ትልቁ ስሕተት ነው። ቦቫንስ እንቁላል እንጂ ጫጩት አታወጣም፤ መታቀፍ ከመስመሯ እንዲጠፋ ተደርጓል። ኮይኮይም በዚህ በኩል እንደ ሐበሻዋ የምትታመን አይደለችም። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ከክንፏ ሥር የምትሰበስብ፣ 21 ቀን ሳትሰለች የምትተኛ የሐበሻ እናት ዶሮ ለኮይኮይ እንቁላል የተሻለች መፈልፈያ ናት። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ የሚያስፈልገው አውራውን መምረጥ ነው።

አውራ የሚቀይር አርሶ አደር ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ሴት ዶሮ የአውራን ዘር በሆዷ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ድረስ ታቆያለች። ድቅሉን አውራ ዛሬ ሸጦ ንጹሑን ነገ ያስገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰበስበው እንቁላል አሁንም የአሮጌው አውራ ሊሆን ይችላል። እነዚያን እንቁላሎች ለገበያ አውጥቶ የሚታቀፉትን ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ መሰብሰብ መጀመር አለበት።